እማማ፣ ሁለት ፓውንድ

አያቴን ያዳንኳት በስምንት ዓመቴ ነው። ከምን እንዳዳንኳት በትክክል ያወቅሁት ግን ሠላሳ ሁለት ሲሞላኝ። በመሃል ባሉት ሃያ አራት ዓመታት ዘመዶቼ ይህን ታሪክ በየሠርጉና በየለቅሶው እያነሡ ሲስቁብኝ ኖረዋል። አልፈርድባቸውም፤ እኔም አብሬ ስስቅ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው እናቴ ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አንድ ወረቀት ይዛ የመጣች ዕለት ነው። ላ ፑዋንት የምትባለው መንደራችን አንድ መንገድና አንድ ቦይ ናት። ቦዩ ላይ ሽሪምፕ የሚባለውን ትንሽ የባሕር እንስሳ የሚያጠምዱ ጀልባዎች ይቆማሉ፣ መንገዱ ዳር ቤቶች ይቆማሉ፣ ከቤቶቹ ኋላ ደግሞ ባሕሩ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። የአውሎ ነፋሱ ወቅት ሊገባ ሲል በየዓመቱ አንዲት የመንግሥት ሴትዮ ከከተማ ትመጣና ስለ ጥንቃቄ ታስተምራለች። ሰዉ የሚሄደው ለኬኩ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ኬኩ ቶሎ አለቀና እናቴ ትምህርቱን አዳመጠችው።

ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። የልደት፣ የጋብቻ፣ የመሬት፣ የኢንሹራንስ፣ የሐኪምና የትምህርት ቤት ወረቀት ሁሉ በአንድ ቦታ ይሰብሰብ፤ ውሃ በማያስገባ ነገር ይታሸግ፤ አንድ ሰው ብድግ አድርጎ ሊሮጥ በሚችለው ሳጥን ይቀመጥ፤ ቅጂው ሩቅ አገር ላለ ዘመድ ይላክ ይላል። በዚህ መሠረት ሲታይ ቤታችን ሕገ ወጥ ነበር ማለት ይቻላል። ወረቀቶቻችን የየራሳቸው ጎጆ ነበራቸው። የክርስትና ካርዶቹ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ፣ የአባዬ የጀልባ ወረቀቶች ከመንጠቆና ከማስመጫ እርሳስ ጋር ቆርቆሮ ውስጥ። የወላጆቼ የጋብቻ ምስክር ወረቀት የእመቤታችን ሥዕል ጀርባ ተወትፎ ነበር፤ ክፈፉ ሰፍቶ ሥዕሉ ሲንቀጠቀጥ ጊዜ አባዬ የወተፈው ነው። የእኔ የልደት ካርድ የስልክ ማውጫው ውስጥ፣ የቧንቧ ሠራተኞች ስም ያለበት ገጽ ላይ ተገኘ። ለምን እዚያ እንደገባ ማንም ሊያስረዳኝ አልቻለም። የአያቴ የእማማ ዩላሊ ደግሞ ፍራሿ ሥር ባለ ቡናማ ፖስታ ውስጥ ነበር፤ አርባ ዓመት እንደ ዶሮ ታቅፋው ተኝታለች።

እናቴ ሁሉንም የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ቆለለችና ውሃ የማያስገባ ነገር ከየት ይምጣ ብላ ጠየቀች።

አባዬ፣ “ውሃ የማያስገባ ነገር በዚህ አገር ቢኖር ኖሮ እኛው እዚያ ውስጥ እንኖር አልነበር?” አላት።

መልሱን ያገኘው አጎቴ ኤልዊን ነው። ኤልዊን የአባዬ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሚስት የለውም፣ ሥራ ሲኖር ይሠራል፣ ሳይኖር ደግሞ ይቀልዳል። ጣቱን ወደ ማሸጊያው ማሽን ቀሰረ። ይህ ማሽን ሽሪምፕ ላስቲክ ውስጥ ሲከቱለት አየሩን ምጥጥ አድርጎ አፉን የሚያትም ነው። እኛ መንደር ማሽኑ የሌለው የቄሱ ቤት ብቻ ነው፤ ለቄሱም ሰዉ አሽጎ ያመጣላቸዋል።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወረቀት ስናሽግ ዋልን። አንዱን በፖስታ እየከተትን፣ ፖስታውን በላስቲክ፣ ላስቲኩን በማሽኑ አፍ። ማሽኑ ያጉረመርማል፣ ላስቲኩ እየተጨማደደ ወረቀቱ ላይ ይጣበቃል፣ ከዚያ ትስስ ይልና ያትማል። እያንዳንዱ ከረጢት ላይ ማን እንደሆነ የሚጽፈው ኤልዊን ነበር። እጁ በሽሪምፕ ከረጢት ላይ የለመደውን ነው የጻፈው፤ ስም፣ ክብደት፣ ዓይነት። የአባዬ የውትድርና ስንብት ላይ “ዊልፍሬድ፣ አንድ ፓውንድ፣ የደረቀ” ተጻፈበት። የጋብቻው ወረቀት ላይ “ሙሪየልና ዊልፍሬድ፣ አንገቱ የተቆረጠ” ብሎ ጻፈና እናቴ በማማሰያ መታችው። የአያቴ ፖስታ ወፍራም ስለነበር “እማማ፣ ሁለት ፓውንድ፣ ያልተላጠ” ተባለ።

የእኔን የልደት ካርድ እናቴ ራሷ ወደ ማሽኑ ስታስገባ፣ “ኖኤሊ፣ ይቺ ወረቀት ከጠፋች አንቺም የለሽም ማለት ነው፤ ይገባሻል?” አለችኝ።

በሚገባ ገባኝ። ሰው ያለው ወረቀቱ ባለበት ነው። ማንም ሳያየኝ የታሸገውን ከረጢቴን በሹካ ጫር አደረግሁት፤ ክንዴ ላይ የሆነ ነገር የተሰማኝ መሰለኝ።

ሁሉም ከረጢት ቀዩ የበረዶ ሳጥን ውስጥ ገባ። አምስት የበረዶ ሳጥኖች ነበሩን፤ ቀዩ እጀታው ያልተሰበረው ነው። እናቴ ሦስት ጊዜ በበረኪና አጠበችው። ሦስት ጊዜ በበረኪና የታጠበ ሽሪምፕ ይሸት ነበር።

አንድ ወረቀት ብቻ አልታሸገም፤ የእኔ ሪፖርት ካርድ። የመንግሥት ሴትዮዋ የትምህርት ቤት ወረቀት ይጨመር ብላለች፤ እኔ ግን ካርዱን ለቤተሰብ ከማሳየቴ በፊት ነገሮች እስኪረጋጉ እየጠበቅሁ ነበር።

በሳምንቱ ሐሙስ አንድ ውል አዋዋይ መጣ። አቶ ትሮስክሌር ይባላል። ገና ከመኪናው ሲወርድ ልቤ አልወደደውም፤ ጫማው ንጹሕ ነበር። ያን ጊዜ ቤታችን አጫጭር ምሰሶዎች ላይ የቆመ ስለነበረ ከሥሩ ልጅ ብቻ ተንበርክኮ የሚገባበት ክፍተት አለ። እኔ እዚያ ገብቼ፣ እነሱ ከላዬ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። በጣውላዎቹ መሃል የእማማ ተረከዝና የሰውየው ንጹሕ ጫማ ይታየኝ ነበር።

ሰውየው ስሟን እንድትነግረው ጠየቃት።

“ከአባትህ ጋር አንድ ክፍል ነው የተማርነው፤ ዛሬ ስሜ ጠፋህ?” አለችው እማማ።

“ሕጉ ነው እማማ፤ ከእርስዎ አፍ መስማት አለብኝ።”

“ዩላሊ።”

“ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?”

“ሐሙስ። ትናንት ረቡዕ ነበር፣ እሱም አልረባን።”

“አገሩን የሚያስተዳድረውስ ማን ነው?”

“እኔ አልመረጥኩትም፤ ስሙን የማስታወስ ግዴታ የለብኝም።”

ውል አዋዋይ፣ ፈራሚው አእምሮው የተስተካከለ መሆኑን ለማረጋገጥ እንዲህ ይጠይቃል። ዛሬ አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ የማውቀው ግን ሎሬት የነገረችኝን ነበር። ሎሬት የክፍል ጓደኛዬ ናት። የእሷን አያት እንዲህ ያለ ሻንጣ የያዘ ሰው መጥቶ ስም፣ ቀን፣ አስተዳዳሪ ጠየቃቸው። ከዚያ ወረቀት ፈረሙ። ከዚያ ከተማ ወዳለው የአረጋውያን መጦሪያ ተወሰዱ። ለገና ሲመለሱ ፀጉራቸው እንደ ወንድ ተቆርጦ፣ ሰውን ሁሉ “ዶክተር” እያሉ ይጠሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወሬው የመሬት ሆነና ግማሹ አመለጠኝ። ቤታችን የቆመበት መሬት ዛሬም በሞቱት በአያቴ አማት ስም መሆኑን፣ የግዢው ዋና ሰነድ እማማ እጅ ብቻ እንዳለ፣ እሱን ይዛ ወደ ልጆቿ ስም ካላዞረችው ቤቱ በሕግ ፊት የማንም እንዳልሆነ አባዬ ያስረዳት ነበር። ስሙ ከተስተካከለ ቤቱን ከፍ ባሉ ምሰሶዎች ላይ የሚያነሣ የመንግሥት እርዳታ አለ።

“አሥራ ሁለት ጫማ ከፍ ይላል፤ ውሃ አይነካንም” አላት።

“ቤቱን አነሣኸው፤ ጉልበቴንስ ማን ያነሣልኛል?” አለች እማማ።

አባዬ ለእንግዳው ቀዝቃዛ ነገር ሊያመጣ ተነሥቶ ገባ። እማማ ያኔ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

“ያልኩህንስ?”

“አምጥቻለሁ። ነገር ግን ልጅዎም መፈረም አለበት። ካልፈረመ አይቀበሉዎትም።”

“ሰኞ ስትመጣ ራሴ እነግረዋለሁ። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው።”

እስክሪብቶ ሲጫጫር፣ ከዚያ ወረቀት ሲታጠፍ ሰማሁ። አባዬ ሲመለስ እማማ ቡናማ ፖስታዋን ከከረጢቱ አስወጥታ ሰነዱን ለሰውየው አሳየችው፤ ከዚያም በራሷ እጅ አሽጋ፣ ኤልዊን በአዲሱ ከረጢት ላይ ያንኑ ጽሑፍ ጽፎ፣ ወደ ቀዩ ሳጥን ተመለሰ። ሰኞ ይፈረማል ተባለ።

እኔ ከቤቱ ሥር ሆኜ ሒሳቤን ጨረስኩ። ለነገሩ ሒሳብ አልችልም፣ ይህ ግን ቀላል ነበር። ሰኞ አባዬ ይፈርማል፣ እማማ ትወሰዳለች፣ ፀጉሯ ይቆረጣል። ወረቀቱ ከሌለ ግን ምን ላይ ይፈርማሉ?

አርብ ጠዋት ሬድዮው አውሎ ነፋሱ ወደ እኛ እንደዞረ ተናገረ። የዚያን አውሎ ስም አልጠራም፤ ከዚያ ወዲህ መንደራችን ውስጥ በዚያ ስም የተጠራ ሕፃን የለም። ሰዉ ሁሉ መስኮቱ ላይ ጣውላ ሲመታ፣ ጀልባ ሲያስር፣ ውሻ ሲፈልግ፣ እኔ ወጥ ቤት ብቻዬን ቀረሁ። ማሽኑን መጠቀም ከአራት ዓመቴ ጀምሮ እችላለሁ። ሪፖርት ካርዴን በቡናማ ፖስታ ከትቼ አሸግሁት። ላዩ ላይ በወፍራሙ እስክሪብቶ “እማማ፣ ሁለት ፓውንድ፣ ያልተላጠ” ብዬ ጻፍኩ። እሱን ቀዩ ሳጥን ውስጥ አስገባሁና እውነተኛዋን እማማን አወጣሁ።

የት ልደብቃት? ይህ ጥያቄ እንኳ አልነበረም። እኛ ዘንድ ታሽጎ ስምና ክብደት የተጻፈበት ነገር የሚሄደው ወደ አንድ ቦታ ነው። ከጓሮ ያለውን ትልቁን ፍሪዘር ከፍቼ፣ ወንበር ላይ ቆሜ፣ እጄ እስኪደነዝዝ የዓምናውን ሽሪምፕ ገልጬ ከሥር አስቀመጥኳት። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ሳልፈልግ ገደልኩ፤ ሪፖርት ካርዱንም ማንም የማይከፍተው ቦታ አሸግሁት ብዬ ነበር።

ወደ ሰሜን ሸሽተን አንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ተጠለልን። እናቴ ቀዩን ሳጥን ትራስ አድርጋ ተኛች። አዳራሹ ውስጥ ማቀዝቀዣው ያለ ርኅራኄ ይነፋ ነበር፤ እማማ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ “አጥንቴ ገባ ይሄ ብርድ፣ ከየት ነው የሚመጣው?” እያለች ትጠይቃለች። ከየት እንደሚመጣ ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም። ብርድ ልብሴን ደረብኩላት። በሁለተኛው ቀን ላ ፑዋንት መብራት እንደጠፋ ወሬ መጣ፤ ያን ዕለት ማታ እማማ አንዱን ብርድ ልብስ ገፍፋ፣ “ተመስገን፣ አሁን ሞቅ አለኝ” አለች። የአዳራሹ ሰዎች ማቀዝቀዣውን ቀንሰውት ነበር። እኔ ግን በረዶው እየቀለጠ መሆኑን ተረዳሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀኖች እማማን እያሸተትኩ አሳለፍኩ። ሽሪምፕ ያለ መብራት ስንት ቀን እንደሚቆይ ማንኛውም የመንደራችን ልጅ ያውቃል። ጠዋት አንገቷ ሥር ገብቼ አሸታለሁ፣ ማታ እደግማለሁ። እሷ የናፍቆት መስሏት ግንባሬን ትስመኛለች። እናቴ ለአባዬ፣ “ልጅቷ ደንግጣለች መሰለኝ” ስትለው ሰማሁ።

በሰባተኛው ቀን የእርዳታ መዝጋቢዎች አዳራሹ ጥግ ጠረጴዛ ዘረጉ። ሰዉ በሰልፍ ይቀርባል። አንዱ የረጠበ ጥቅል ይዟል፣ አንዷ ወረቀቶቿ በሙሉ አንድ ላይ ተጣብቀው ዳቦ መስለዋል፣ አንዱ ምንም የለውም፣ ይምላል ብቻ። እናቴ ቀዩን ሳጥን ይዛ በሰልፉ መሃል ስትሄድ እንደ ሙሽራ ነበረች። መዝጋቢዋ ከረጢቶቹን ስታይ፣ “በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም” አለች። እናቴ ልትስቅ ፈልጋ ጨዋነት ያዛት።

መዝጋቢዋ የመሬቱን ሰነድ ጠየቀች። እናቴ “እማማ” የሚለውን ከረጢት አነሣች። መዝጋቢዋ በመቀስ ቆርጣ፣ ፖስታውን ከፍታ፣ መነጽሯን አስተካክላ ማንበብ ጀመረች።

“ሒሳብ፣ ደካማ። የእጅ ጽሑፍ፣ መካከለኛ። ጠባይ፣ ብዙ ታወራለች።”

ብዙ ታወራለች የተባልኩት እኔ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። እናቴ ቀስ ብላ ዞረች፤ ዓይኗ በእኔ ላይ አልፎ ኤልዊን ላይ አረፈ። የሚቀልደው እሱ ነው፣ የሚጽፈው እሱ ነው፤ ሌላ ማን ሊያሳስተው ይችላል?

“ሙሪየል፣ በእናቴ እምላለሁ፣ እኔ አይደለሁም” አላት።

“እናትህ እዚህ ናቸው፤ ወረቀታቸው ነው የጠፋው” አለችው።

ከረጢቶቹ ሁሉ እዚያው ተከፈቱ። ሰነዱ የለም። ኤልዊን ከረጢቱ ላይ ሲጽፍ ከሪፖርት ካርዱ ጋር እንዳቀላቀለው፣ እውነተኛው ቤት እንደቀረ ተደመደመ። መዝጋቢዋ ደግ ሴት ነበረች፤ እስከ ሁለት ሳምንት ዋናውን ካመጣችሁ ተመዝግባችኋል፣ ካላመጣችሁ ግን ቤቱ የእናንተ ነው ብዬ ልጽፍ አልችልም አለች። ኤልዊን ያን ቀን ማታ ምንም አልቀለደም። ለእኔ የማይቻለው እሱ ነበር፤ ኤልዊን ዝም ሲል ቤት ውስጥ ሰው የሞተ ይመስላል። ግን እማማ አጠገቤ ተኝታ ነበር፣ ከነፀጉሯ።

ስንመለስ የጣራው ግማሽ ጎረቤት ግቢ ነበር። ወለሉ ላይ ጭቃ፣ ጭቃው ላይ አንድ ዓሣ። አባዬና እናቴ ለሰነዱ ሲሉ ቤቱን ሁለት ጊዜ ገለበጡት፤ የእማማን ፍራሽ እንኳ በቢላ ቀደዱት። ኤልዊን የራሱን ሥራ ያዘ። ከአውሎ ነፋስ በኋላ አገራችን ውስጥ አንድ የማይጣስ ሕግ አለ፤ መብራት ጠፍቶበት የከረመ ፍሪዘር አይከፈትም። ማንም ምን እንደረሳ ቢያስታውስ፣ ወርቅም ቢሆን፣ አይከፈትም። በፕላስተር ዙሪያውን ታስሮ መንገድ ዳር ይወጣል፣ የመንግሥት መኪና መጥቶ ያነሣዋል። ኤልዊን ሦስት ጥቅል ፕላስተር ጨረሰበትና ከአባዬ ጋር ገፍቶ አወጣው። በመንገዱ ግራና ቀኝ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ነጫጭ ፍሪዘሮች ተደርድረው ነበር፤ ሰው እየሄደ ከየትኛው ቤት የትኛው ሽታ እንደሚመጣ ይለይ ነበር።

እኔ ፍሪዘራችን ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ጠዋት እወጣለሁ፣ ለምሳ ይጎትቱኛል፣ ተመልሼ እወጣለሁ። ሎሬት አፍንጫዋን ይዛ መጥታ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ቄሱም መጡ፣ ከሩቅ ባረኩኝ።

በሦስተኛው ቀን መኪናው መጣ። ጀርባው ላይ ትልቅ የብረት ጥፍር አለው፤ ፍሪዘሩን እንደ ንስር ጨምድዶ ያነሣና ሲጥለው ይጨራመታል። የጎረቤታችንን አነሣው። ሲጨራመት ድምፁን ሰማሁ፣ ከውስጡም የፈሰሰውን አየሁ። ከዚያ ጥፍሩ ወደ እኔ ዞረ።

ሹፌሩ ወፍራም፣ ላብ ያጠመቀው ሰውዬ ነበር። አንገቱን አውጥቶ፣ “አንቺ ልጅ፣ ውረጂ እንጂ” አለኝ።

“አያቴ ውስጥ ናት” አልኩት።

ሞተሩን አጠፋው።

“ምን አልሽ?”

“አያቴ። ከሥር ናት። ከላይዋ ሽሪምፕ አለ።”

ሰውየው ከመኪናው ወረደ። ቆቡን አወለቀ።

“ከመቼ ጀምሮ?”

“አውሎ ነፋሱ ከመምጣቱ በፊት።”

“ማን አስገባት?”

“እኔ።”

“ሌላ የሚያውቅ ሰው አለ?”

“የለም። ራሷም አታውቅም።”

ሰውየው አማተበ፤ ሬድዮውን አንሥቶ ለአለቃው የሆነ ነገር አንሾካሾከ። ጎረቤት ተሰበሰበ። አባዬና ኤልዊን አካፋ ይዘው ሮጡ። በመጨረሻ እማማ ራሷ በዱላዋ እየተደገፈች፣ ጭቃውን እየመረጠች መጣች።

“ምን ተፈጠረ?” አለች።

ሹፌሩ እጁን ዘርግቶ አገዳት። “እማማ፣ ይራቁ። ውስጥ ሰው አለ።”

“ማን?”

“የዚች ልጅ አያት።”

እማማ ሹፌሩን አየችው። እኔን አየችኝ፤ ረጅም ጊዜ።

“እንግዲያውስ ይከፈትልኝና ልያት” አለች።

ያን ፍሪዘር የከፈቱበትን ቅጽበት መግለጽ አልችልም፤ ያ ሽታ ለሰው አፍንጫ የተሠራ አልነበረም። ሹፌሩ ወደ ቦዩ ሮጠ። ኤልዊን ሸሚዙን አፍንጫው ላይ አስሮ ትንሽ ቆመና እሱም ተከተለው። አባዬ ብቻ ትንፋሹን ይዞ፣ ክንዱን እስከ ብብቱ ጥቁሩ ፈሳሽ ውስጥ ነከረ። ሲያወጣው እጁ ላይ አንድ ከረጢት ነበር። እናቴ ባልዲ ውሃ ደፋችበት። ጽሑፉ ቁልጭ ብሎ ይነበብ ነበር፤ “እማማ፣ ሁለት ፓውንድ፣ ያልተላጠ።” ውስጡ እንደ አመድ ደርቆ። ማሽኑ አንዲት ጠብታ አላስገባም።

አባዬ መንገዱ ላይ በጉልበቱ ተቀመጠ። ኤልዊን ከቦዩ ዳር አፉን እየጠረገ፣ “አሁን ማን ነው ያቀላቀለው? ማን ነው?” እያለ ይጮህ ነበር፤ ደስታው ወሰን አልነበረውም።

እናቴ ጆሮዬን ይዛ ለምን እንዳደረግሁት ጠየቀችኝ። “እማማን እንዳይወስዷት” አልኩ። “ሰውየው ወረቀት አስፈርሞ ወደ መጦሪያ ሊወስዳት ነበር። ከቤቱ ሥር ሆኜ ሰምቻለሁ።”

ያን ጊዜ ሁሉም ሳቀ። አባዬ እንኳ ክንዱ እየተንጠባጠበ ሳቀ። የመሬት ወረቀት መሆኑን፣ ሰውየው ውል አዋዋይ እንጂ ሌላ አለመሆኑን፣ ማንም እማማን ወዴትም ሊወስድ እንዳላሰበ አስረዱኝ። እማማ ብቻ አልሳቀችም። ከረጢቱን ከአባዬ እጅ ተቀብላ፣ በጥርሷ ቀድዳ፣ ሰነዱን አውጥታ ሰጠችው። ፖስታውን ግን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ባዶ ፖስታ ምን ያደርግላታል ብዬ ያኔ አላሰብኩበትም።

ሰነዱ ተመዘገበ። የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ሁለተኛ ለማየት ካስፈለገ ቅጂውን ብቻ እንድናመጣ ለመነን። ቤቱ በዓመቱ አሥራ ሁለት ጫማ ከፍ አለ፤ ሃያ ሁለት ደረጃ። የፈሩት ይደርሳል ነውና እማማ የመጀመሪያው ቀን አራተኛው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ቀረች። ኤልዊን ነው መላ የዘየደው። ከአሮጌ ጀልባ ላይ መረብ መጎተቻውን ሞተር ነቅሎ በረንዳው ላይ ተከለና ወንበር አንጠለጠለበት። ለአሥራ አምስት ዓመት አያቴ እሑድ እሑድ ለቅዳሴ እንደ ሽሪምፕ መረብ ስትወርድና ስትወጣ መንደሩ ቆሞ ያይ ነበር። እሷም ከላይ ሆና ሁሉንም በየስሙ እየጠራች ሰላም ትላለች፣ የማን ጣራ እንደዛገ ትናገራለች። የሞተችው በዘጠና አንድ ዓመቷ፣ አልጋዋ ላይ፣ ከመሬት አሥራ ሁለት ጫማ ከፍ ብላ ነው። ፀጉሯ እስከ ወገቧ ነበር።

ባለፈው ክረምት እናቴ፣ “ዓይኔ ደከመ፣ ከእንግዲህ አንቺ ያዢው” ብላ ቀዩን ሳጥን አስረከበችኝ። ከረጢቶቹ አርጅተው ስለነበር አንድ በአንድ እየቆረጥኩ ላድሳቸው ጀመርኩ። የእማማ ከረጢት ውስጥ ያ ቡናማ ፖስታ ነበር፤ መቼ መልሳ እንዳሸገችው አላውቅም። ሰነዱ መዝገብ ቤት ስለቀረ ባዶ መስሎኝ ነበር። አራት ቦታ የታጠፈ ቅጽ ወጣ።

የከተማው የአረጋውያን መጦሪያ የመግቢያ ማመልከቻ ነው። የተሞላው በእማማ በራሷ የእጅ ጽሑፍ፤ ቀኑ ያ ሐሙስ። ከታች እሷ ፈርማለች። የልጅ ፊርማ የሚለው ቦታ ባዶ ነው። “ለመግባት የፈለጉበት ምክንያት” በሚለው ላይ አንድ ቃል ጽፋለች፤ “ደረጃ።”

ማንም ሊወስዳት አላሰበም ነበር፤ እሱ እውነት ነው። ልትሄድ ያሰበችው ራሷ ነበረች፤ ሰኞ ለአባዬ ልትነግረው።

ከዚያ በታች በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው ስም ይጠይቃል። መጀመሪያ “ዊልፍሬድ” ብላ ጽፋ ነበር። እሱ በሌላ ቀለም ተሰርዟል። ከጎኑ በዚያው ቀለም እንዲህ ይላል፤ “ኖኤሊ። ወረቀት ግን እንዳትሰጧት።”

ከዚያ ቅጹን በእጥፋቱ መልሼ አጥፌ፣ ፖስታው ውስጥ ከትቼ፣ ማሽኑን አስነሣሁ። ያው ማሽን ነው፣ ዛሬም ያጉረመርማል። በወፍራሙ እስክሪብቶ ያንኑ የድሮውን ጽሑፍ ጻፍኩበትና ቀዩ ሳጥን ውስጥ ከሥር አስቀመጥኩት።

ቀና ስል ልጄ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ምን ያህል ጊዜ እንደቆመች እንጃ። ዓይኗ ቀዩ ሳጥን ላይ ነው።

ነገ ቦታውን እቀይረዋለሁ።